የፉአታይ ባርኔጣና የታመሙት ጥንዚዛዎች

ሰኞ ጠዋት በዚያች መንደር ባልዲ ሳያንጠለጥል ከቤቱ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ባልዲ ስላችሁ የውሃ እንዳይመስላችሁ፤ የትል ነው። በሳቫኢ ደሴት ኮኮናት ሞተ ማለት ጦም ማደር ማለት ስለሆነ፣ ሹሙ ታማፑአ በመንደሩ ጉባኤ ፊት ሕግ አወጣ። እያንዳንዱ ቤት በየሳምንቱ ከበሰበሰ ግንድ ውስጥ የጥንዚዛ ትል ለቅሞ ያመጣል፣ ትሉም በሹሙ ደጅ ይቃጠላል። ያጎደለ ቤት፣ በግቢው የበሰበሰ ግንድ ከምሮ የተገኘም፣ ስሙ በጉባኤው ይነሳል። በዚያ አገር ደግሞ ሰው ስሙ በጉባኤ ከሚነሳበት ቢገረፍ ይመርጣል።

ጥንዚዛው ጥቁር፣ ቀንዳም፣ አውራ ጣት የሚያህል ጉድ ነው። ትሉ በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ተጋድሞ ሲበላ ይከርማል፤ ክንፍ ሲያወጣ ኮኮናቱ አናት ላይ ይወጣና ገና ተጠቅልሎ ያለውን ለጋ ቅጠል ይቦረቡራል። ቅጠሉ ኋላ ሲፈታ አንድ ሰው በመቀስ የተጫወተበት መስሎ ይወጣል። የዛፉን ልብ ያገኘ እንደሆነማ አለቀ፣ ዛፉ አይተርፍም።

በትል ለቀማ ፉአታይን የሚያህል አልነበረም። እሷ ባልዲዋን ስታመጣ ትሎቹ አፋፍ ላይ ተቆልለው ይንጠባጠባሉ፣ ሹሙም “ይኸው፣ ሴት ማለት ይቺ ናት!” ይላል። ይህ ነገር ቫኦሳን ያንገበግባት ነበር። ቫኦሳ የሴቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፤ ዱላ ይዛ ከቤት ቤት እየዞረች ምንጣፍ የምትገልጥ፣ አቧራ የምትፈልግ፣ ድስት የምታሸት እሳት የላሰች ሴት። በንጽሕና አገሩን ሁሉ ትበልጣለች፣ በትል ግን ፉአታይን ልትደርስባት አልቻለችም።

“እኔ የምለው፣” አለቻት አንድ ቀን ዐይኗን አጥብባ፣ “ይሄ ሁሉ ትል ከየት ነው የሚወጣልሽ?”

“መታደል ነዋ፣ እህቴ። አንዳንዱን ሰው እግዜር ድምፅ ይሰጠዋል፣ አንዳንዱን ትል።”

መታደል! ምን መታደል አለ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ከፉአታይ ቤት ጀርባ፣ ከሙዙ ተክል ወዲያ፣ በአሮጌ ምንጣፍ የተሸፈነ የበሰበሰ ግንድ ክምር ነበር። አንድ ክፉ ሳምንት ትል ጠፍቶ ስሟ ሊነሳ ሲል ደነገጠች፤ በሌላው ሳምንት ሲተርፋት ጥቂቱን ለክፉ ቀን ብላ እዚያ አኖረችው። ትልም እንደሰው ምቾት ይወዳል፤ ተመቸው፣ ወፈረ፣ ክንፍ አወጣ፣ ተመልሶ እንቁላል ጣለ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ አስጨንቋት አያውቅም።

ይህን ምስጢር የሚያውቀው ባሏ ኢዮፑ ብቻ ነበር። “ሰው ዶሮ ያረባል፣ ሰው አሳማ ያረባል፣” ይል ነበር ጣራውን እያየ፣ “የኔ ሚስት ትል ታረባለች። ተመስገን ነው።”

“ስምህ እንዳይነሳ ብዬ መሰለኝ!”

“እኔማ ምን አልኩ?”

እንግዲህ እስካሁን ሳቅ ነው። አሁን ግን የሉፔን ዛፍ ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም።

በዚያ አገር ልጅ ሲወለድ እትብቱን ቀብረው ኮኮናት ይተክሉበታል። ፉአታይና ኢዮፑ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሉፔ የምትባል፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ የሚወርድ። በስድስት ዓመቷ ትኩሳት ያዛትና አልለቅ አላት፤ ነርሷ ራሷ እንዲቀዘቅዝ ፀጉሯ ይቆረጥ አለች። ፉአታይ መቀሱን መያዝ አቃታት። ስለዚህ ጎረቤቷ ቫኦሳ ቆረጠችላት። ልጅቷ በትኩሳቱ ሳታለቅስ በፀጉሯ አለቀሰች፤ “መቼ ነው የሚበቅለው?” አለች። እናቷ “ሲሻልሽ” አለቻት፤ አልተሻላትም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ይቀላለዳሉ፣ ይጎሻሸማሉ፣ በባልዲ ይፎካከራሉ፣ ስለዚያች ቀን ግን አንድ ቀን እንኳ አውርተው አያውቁም።

ዛፉ ግን አደገ። ፉአታይ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ “እንዴት አደርሽ?” የምትለው ለሱ ነው። በመንደሩ በዚህ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት የሉፔ ዛፍ ቅጠሉን በመቀስ እንደተቆረጠ አድርጎ አወጣው። ፉአታይ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችውና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቀጥሎ የመጣው ቅጠል ባሰ። ሹሙ ታማፑአ መጥቶ አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ግንዱ ላይ ነጭ ቀለም አስቀባ። ነጭ ቀለም ማለት ይቆረጣል ማለት ነው፤ ሞቶ የቆመ ዛፍ የትል ቤት ይሆናልና።

“እስከ ገና አያለሁ፣” አላት። “ካላገገመ ግን ይወድቃል። ታዝኚብኛለሽ፣ ፉአታይ፤ ሕግ ሕግ ነው።”

በዚህ መሃል አንድ ቅዳሜ ኤኔሌ የሚባል የግብርና ሠራተኛ፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ፣ ከዋና ከተማው ከአፒያ በጀልባ ከዚያም በአውቶቡስ መጣ። ጉልበቱ ላይ የእንጨት ሳጥን አስቀምጧል፤ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል። መንደርተኛው በሹሙ ቤት ተሰበሰበ፤ ቤቱ ግድግዳ የሌለው ስለሆነ ውስጥ ያልገባውም ውጭ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

“እዚህ ውስጥ ጥንዚዛዎች አሉ፣” አለ ኤኔሌ።

“ጥንዚዛ አመጣህልን?” አለች ቫኦሳ። “ለዓሣ አጥማጅ ዓሣ ልትሸጥ ነው?”

“እነዚህ የታመሙ ናቸው።”

“ታዲያ አስታማቸዋ፣” አለ ኢዮፑ፣ ሰዉም ሳቀ።

ልጁ አብሯቸው ሳቀና ነገሩን ዘርዘር አድርጎ አስረዳቸው። “ቫይረስ ነው የያዛቸው። በዐይን አይታይም። ሰው አይነካም፣ አሳማ አይነካም፣ የሚይዘው ይህንኑ ጥንዚዛ ብቻ ነው። ደግነቱ ጥንዚዛው ቶሎ አይሞትም፤ እንደታመመ ይበራል፣ ይጋባል፣ ትሎቹ ወዳሉበት ክምር ይገባል። እዚያ ይጸዳዳል።”

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ።

“ምን ላድርግ፣ እውነቱ ነው። ትሉ ያንን ከብስባሹ ጋር ይበላል። ቫይረሱ አንጀቱ ውስጥ ይራባል፣ አንዱ ብዙ ሺህ ይሆናል። ትሉ መብላት ይተዋል፣ ሆዱ ውሃ ይቋጥራል፣ እንደ ብርጭቆ ወዲያ ማዶ ያሳያል፤ ከተቀበረበት ወደ ላይ ወጥቶ ይሞታል። ከዚያ ጤነኛ ጥንዚዛ እንቁላል ልጣል ብሎ እዚያው ይመጣል፣ እሱንም ይይዘዋል፣ በሽታውን ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ክምር ይሄዳል። እናንተ ባልዲ ይዛችሁ መሮጥ አያስፈልጋችሁም። ጥንዚዛው ራሱ ይሮጥላችኋል።”

“ጥሩ ነገር ነው፣” አለ ሹሙ። “ከኛ የምትፈልገው ምንድነው?”

“ትል የሞላበት ክምር። ትል ከሌለ በሽታው የሚጋባበት የለውም፣ ሞቶ ይቀራል። እነዚህ ደግሞ ብዙ ዕድሜ የላቸውም።”

ሁሉም ሰው ጣራውን ያይ ጀመር፤ ጣራው ላይ ደግሞ የሚታይ ነገር አልነበረም።

“ልጄ፣ የመጣህበት መንደር ተሳስተሃል፣” አለ ሹሙ ደረቱን ነፋ አድርጎ። “በኛ ዘንድ ክምር የለም።”

“በየሳምንቱ የምፈትሸው እኔ ነኝ፣” አለች ቫኦሳ። “ምንጣፍ ገልጬ፣ ድስት አገላብጬ! ንጹሕ ነው።”

“ታዲያ የሰኞው ትል ከየት ነው የሚመጣው?” አለ ኤኔሌ።

“ከጫካ፣” አለ ሹሙ።

“ከጫካ፣ ከጫካ፣” አለ ሰዉ ሁሉ ተቀባብሎ። ፓስተሩ ሳል ያዛቸው።

ኤኔሌ ሳጥኑን ክዳኑ ላይ መታ መታ አደረገ። “እንግዲያው ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ማዶ መንደር እወስዳቸዋለሁ።”

“አዎ፣ እነሱ ጋ ሞልቷል! ቆሻሾች ናቸው!” አለ ሁሉም ደስ ብሎት። ጎረቤትን ማማት ደግሞ ማን ይጠላል?

ፉአታይ ብቻ አልሳቀችም። “ልጄ፣” አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ጥንዚዛው ከክምር ሲወጣ ሩቅ ነው የሚሄደው?”

“ምን አደከመው፣ እማማ! መጀመሪያ ያገኘው ዛፍ ላይ ነው የሚወጣው።”

ከሙዙ ተክል ወዲያ ካለው ክምር የሚነሳ ጥንዚዛ መጀመሪያ የሚያገኘው ዛፍ የትኛው እንደሆነ ለሷ የሚነግራት ሰው አያስፈልግም።

ቤቷ ገብታ ተንሰቀሰቀች። “በገዛ እጄ!” አለች። “ሰው ፊት ሞልቼ ልታይ ብዬ ልጄን አስበላኋት። እንደገና አስቆረጥኳት፣ ኢዮፑ!”

ኢዮፑ አጠገቧ ተቀመጠ። ቀልዱ ጠፋበት። “ሂጂና ክምር አለኝ በያቸው፤ ልጁ ሁለት ሦስት ይስጥሽ።”

“ቫኦሳ ፊት? ምን ቆርጦኝ! ዕድሜ ልኳን ስትስቅብኝ ልትኖር?”

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።”

“አንተ ተረት ትተርታለህ፣ ስሙ የሚነሳው የኔ ነው!” አለችና አፍንጫዋን ጠረገች። ጥቂት አሰበች። “ሳጥኑ የት ነው የሚያድረው?”

ኢዮፑ ከትዳሩ ዘመን የተማረው ነገር ቢኖር ይህን አነጋገሯን መፍራት ነው።

በማግስቱ እሑድ ነው፤ ከአምልኮ በኋላ ሹማምንቱና እንግዳው በፓስተሩ ቤት ምሳ ይበላሉ፣ ሴቶቹ ያስተናግዳሉ። በትኩስ ድንጋይ የበሰለ አሳማ፣ ጎደሬ፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ የጎደሬ ቅጠል ቀርቧል። ሴቶቹ ሁሉ ነጭ በነጭ ናቸው፣ ነጭ ባርኔጣ ደፍተዋል። የኤኔሌ ሳጥን ከምግቡ ጀርባ፣ ምሰሶው ሥር ተቀምጧል።

ፓስተሩ ለጸሎት ተነሱ። እሳቸው ጸሎት ከጀመሩ ሾርባ ይቀዘቅዛል፤ ለሕሙማን፣ ለመንገደኞች፣ ለመርከበኞች ሳይጸልዩ አይቀመጡም። ሰው ሁሉ ዐይኑን ጨፈነ። ፉአታይ ለመርከበኞች ሲደርሱ በጉልበቷ ዳኸች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ አራት ጥንዚዛ አፈሰች። የት ታድርጋቸው? የክት ቀሚስ ኪስ የለውም። ባርኔጣዋን አወለቀች፣ ውስጡ ከተተቻቸው፣ መልሳ ድፍት አደረገችው። “አሜን” ሲባል እሷም ከቦታዋ ሆና ከሁሉም ይበልጥ ጮክ ብላ አሜን አለች።

አሁን መውጣት ብቻ ነው። “ራሴን አሞኛል፣” አለች።

“ዝንቡን ማን ሊያባርርልን ነው?” አለ ሹሙ። “በይ ያዢ!” ማራገቢያውን ሰጣት።

ሹሙ ፊት ተቀምጣ ታራግብ ጀመር። አንዱ ጥንዚዛ ግንባሯ ላይ ይሄዳል፣ አንዱ ሹሩባዋን ይቧጥጣል። ሹሙ ሲያያት ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታዋ ግን የጥርስ ሕመም የያዘው ሰው ዓይነት ነበር።

“ባርኔጣሽን አታወልቂም?” አለች ቫኦሳ ጎደሬ እያቀረበች። “ቤት ውስጥ እኮ ነን።”

“ፀጉሬ አልተበጠረም።”

“ለጌታ ቀን ሳይበጠር?”

ይሄኔ ከባርኔጣው ውስጥ ጽይይይ የሚል ድምፅ ወጣ። ጥንዚዛ ሲጨናነቅ ይጮኻል፣ ይህን የማያውቅ የደሴቱ ሰው የለም። ሹሙ የጎረሰውን ሳይውጥ ቆመ።

“ምንድነው እሱ?”

“ሆዴ ነው፣ ጌታዬ፣” አለ ኢዮፑ ከበሩ አጠገብ። ባል ይሉሃል እንዲህ ነው።

ጽይይይ አለ እንደገና። ከዚያ አንዱ ቀንዳም በባርኔጣው ጠርዝ ብቅ አለ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ እግሩ አዳለጠውና ሹሙ ፊት ያለው የኮኮናት ወተት ውስጥ ጥልቅ አለ። ወተቱ እስከ ፓስተሩ መነጽር ተረጨ።

“የኔ ጥንዚዛ!” አለ ኤኔሌ።

“ሌባ! በጸሎት ሰዓት!” አለች ቫኦሳ።

ፉአታይ ማራገቢያውን አስቀመጠች። ባርኔጣዋን አውልቃ ጭኗ ላይ ገልብጣ ያዘችው፤ ሦስቱ ውስጡ ይንፏቀቃሉ።

“ክምር አለኝ፣” አለች። “ከቤቴ ጀርባ፣ በምንጣፍ የሸፈንኩት። የሰኞ ትሌ ከጫካ አይደለም፣ እኔ ነኝ የማረባው። እናንተ ፊት ሙሉ ባልዲ ይዤ ልቆም ብዬ ነው። ከዚያ የወጣው ጥንዚዛ ደግሞ የሉፔን ዛፍ በላው። ስሜን አንሱት፣ አንዴም አይደል አሥር ጊዜ አንሱት። እነዚህን ግን አልመልስም። እሱን ዛፍ ካጣሁ ከልጄ ምንም አይቀረኝም።”

ሹሙ ከወተቱ ውስጥ ጥንዚዛውን በቀንዱ ይዞ አወጣ።

ቫኦሳ ተነሳች። ሁሉም ልትፈርድ ነው ብሎ ጠበቀ፤ ፉአታይም አንገቷን ደፋች። ቫኦሳ ግን የራሷን ባርኔጣ፣ ያንን በላስቲክ አበባ ያጌጠውን፣ አውልቃ ወደ ኤኔሌ ዘረጋችው።

“ለኔም ሁለት ስጠኝ፣” አለች። ባርኔጣዋን ጠጋ አደረገችና፣ “ሦስት አድርገው።”

“አንቺም?!” አለች ፉአታይ።

“ምን አንቺም ትይኛለሽ! ጫካው ውስጥ ትል ካለቀ ስንት ዘመኑ! ባንቺ ላለመበለጥ ከአሳማው በረት ጀርባ ሁለት ክምር ነው ያለኝ!”

ከዚያማ ምን ይነገራል። ከወዲያም ከወዲህም ባርኔጣ ይዘረጋ ጀመር፤ የፓስተሩ ሚስት ሳህን ዘረጉ። ኤኔሌ “ቀስ! ለሁሉም ይደርሳል!” እያለ ላብ አጠመቀው። ሹሙ ታማፑአ ዙሪያውን ቃኘ፣ ጥንዚዛውን በሽርጡ ጠረገና የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ጨመረው። “ይቺ እኔ ጋ ትቆይ፣” አለ፣ ወደ ምግቡም ተመለሰ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ፉአታይ ምንጣፉን ስትገልጥ ትሎቹ ልጁ እንዳለው ወደ ላይ ወጥተው አገኘቻቸው፤ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ሰውነታቸው እንደ ብርጭቆ ብርሃን እያሳለፈ። አብልታ ያሳደገቻቸው ናቸውና ጥቂት አሳዘኗት፣ ግን ጥቂት ብቻ። ሰኞ ባልዲዋን ይዛ ሄደች፤ ሥሩን እንኳ የማይሸፍን፣ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ጥቂት ትል ብቻ ነበረበት። በሚቀጥለው ሰኞ የቫኦሳ ባልዲ ባዶ መጣ፣ ቀጥሎ የፓስተሩ ሚስት። በመጨረሻ ባርኔጣ ያልዘረጉትም፣ ክምር የለንም ብለው የማሉትም፣ ባልዲያቸው ጎደለ። ጥንዚዛው ማንን ጠይቆ ይገባል? የማንም ስም ግን አልተነሳም፤ የሹሙም ባልዲ እንደዚያው ነበራ።

ዛፉ ግን ቶሎ ምሕረት አላደረገም። በልቡ ውስጥ አስቀድመው የተበሉት ቅጠሎች ተራቸውን ጠብቀው እየወጡ ነበር፣ እያንዳንዱም ተቆርጦ። ፉአታይ በእያንዳንዱ ታለቅሳለች። ገና ሲቃረብ ሹሙ ሁለት ሰውና መጥረቢያ ይዞ መጣ።

“ሕግ እኮ …” ብሎ ጀመረ።

“ጥንዚዛ በኪስዎ ይዘው የወጡ ሰው ነዎት ዛሬ ሕግ የሚሉኝ?”

ሹሙ መጥረቢያ የያዙትን አየ፣ እነሱም ሳቃቸውን ዋጡ። “እስከ ፋሲካ፣” አለና ወደ ቤቱ ሄደ።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ቫኦሳ ዱላዋን ይዛ ለፍተሻ መጣች። ምንጣፍ ገለጠች፣ ድስት አየች፣ “ይሄ ጥቀርሻ ምንድነው?” ብላ ተቆጣች። ከዚያ ደጅ ወጥታ ቀና አለች፣ ዱላዋንም ክንዷ ሥር ሸጎጠች።

“ፉአታይ፣ ነይ።”

“ምን አገኘሽ ደግሞ?”

“ነይ አልኩሽ እኮ!”

ፉአታይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። በዛፉ አናት ላይ አዲሱ ቅጠል በሌሊቱ ተፈትቷል። ረጅም ነው፣ አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንዲት ቦታ እንኳ አልተነካም፣ በነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ቫኦሳ እጇን ያዘቻት። ያ መቀስ ከተነሳ ወዲህ ይዛት አታውቅም።

“አየሽ?” አለቻት። “ፀጉሯ በቀለ።”